ሒሳብና የኮሌጅ ኬሚስትሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው አተሙና ሞለኪውሉ አይደለም። ሒሳቡ ነው። ጭንቀቱ መሠረት አለው። ግን ብዙዎች የሚፈሩት የማያስፈልጋቸውን ሒሳብ ነው፤ የሚጥላቸውን ደግሞ አውቀዋለሁ ብለው ያልፉታል። ከታች ያሉት በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው።

ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ኬሚስትሪውን እወድቃለሁ ማለት ነው?

አይደለም። ቢሆንም ችላ የሚባል ነገር አይደለም። የሒሳብ መሠረታቸው የላላ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ የመቸገር ዕድላቸው ከፍ ይላል። ይህ ስለ ብዙ ተማሪዎች በጅምላ የሚነገር ነው እንጂ በአንድ ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። ዝቅተኛ የሒሳብ ውጤት ይዘው ገብተው ኬሚስትሪውን በጥሩ ውጤት የጨረሱ አሉ። ሒሳብ ላይ አንደኛ የነበሩና ኬሚስትሪ ላይ የተንገዳገዱም አሉ።

ደስ የሚለው ነገር ኬሚስትሪ የሚፈልገው ሒሳብ ጠባብ መሆኑ ነው። ዓመታት የሚፈጅ አይደለም። የት ጋ እንደሚያነክሳችሁ ካወቃችሁ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ይታያል።

ግንኙነቱ በጥናት የተረጋገጠ ነው ወይስ እንዲሁ ይባላል?

የተረጋገጠ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊሊፕ ሳድለርና ሮበርት ታይ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኮሌጆች የመግቢያ ሳይንስ የሚማሩ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን የተመለከተ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ኬሚስትሪ በብዛት የተማረ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ላይ ይጠቀማል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፊዚክስ ወይም ባዮሎጂ አብዝቶ መማር ግን ለኮሌጅ ኬሚስትሪ ያን ያህል ጥቅም አላሳየም። ሒሳብ ብቻ ከራሱ ክልል ወጥቶ ለኬሚስትሪም፣ ለፊዚክስም፣ ለባዮሎጂም ጠቅሞ ተገኘ።

ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህራን ተሰባስበው አንድ አጭር የሒሳብ ፈተና አዘጋጅተዋል። ያለ ካልኩሌተር ነው የሚሠራው። ማባዛት፣ ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ የ10 አርቢ፣ ሎጋሪዝም ይጠይቃል። በዚህች አጭር ፈተና የተገኘ ውጤት በኮርሱ መጨረሻ ማን እንደሚቸገር ቀድሞ በመጠቆም ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ሁለት ነገር አብሮ ሄደ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ጥሩ ሒሳብ የተማረ ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ለማጥናት ጊዜ ያለው፣ የጥናት ልምድ ያዳበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሒሳብ ብቻ አጥንቶ የኬሚስትሪው ውጤት በራሱ ከፍ ይላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

የትኛው ሒሳብ ነው? ካልኩለስ የግድ ነው?

ለመጀመሪያው ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪ ካልኩለስ ያን ያህል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ክፍልፋይ፣ ሬሾ፣ መቶኛ፣ አሃድ መለወጥ፣ የ10 አርቢዎች፣ ፎርሙላን ገልብጦ የሚፈለገውን ማውጣት፣ ሎጋሪዝምና የቀጥታ መስመር ግራፍ ነው። አልፎ አልፎ ኳድራቲክ እኩልታ ብቅ ይላል። በቃ።

ካልኩለስ ዋና የሚሆነው ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ ሲደረስ ነው። እዚያ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ማትሪክስም ይመጣሉ። ለእሱ ጊዜ አላችሁ።

የሚገርመው ተማሪ የሚወድቀው ከዝርዝሩ በከባዱ አይደለም። ኳድራቲኩን አሳምሮ የሚሠራ ልጅ ሬሾ ላይ ይሰናከላል። ሬሾ ገና በልጅነታችን የተማርነው ስለሆነ ማንም ተመልሶ አያየውም። ኬሚስትሪ ግን ከዳር እስከ ዳር ሬሾ ነው።

ሬሾው ላይ የሚፈጠረው ስህተት ምን ይመስላል?

እስቲ አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። 10 ግራም ሃይድሮጅን ሙሉ በሙሉ ተቃጥሎ ውሃ ለመሆን ስንት ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል?

የተመጣጠነው እኩልታ፣ ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከአንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ጋር ተዋህዶ ሁለት የውሃ ሞለኪውል ይሰጣል ይላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «ሁለት ለአንድ» የሚለውን ያያል። 10ን ለ2 ያካፍላል። 5 ግራም ብሎ ይጽፋል።

ማካፈሉ ላይ ምንም ስህተት የለም። ያልተጠየቀው ጥያቄ «ሁለት ለአንድ የሆነው ምኑ ነው?» የሚለው ነው። እኩልታው የሚቆጥረው ሞለኪውል ነው፤ ግራም አይደለም። የኦክሲጅን ሞለኪውል ከሃይድሮጅን ሞለኪውል በ16 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ግራሙ የቅንጣት ብዛት ወደሚቆጥረው አሃድ፣ ወደ ሞል፣ መለወጥ አለበት። አንድ ሞል ሃይድሮጅን 2 ግራም ገደማ ስለሆነ 10 ግራሙ 5 ሞል ነው። ሁለት ለአንዱ የሚሠራው አሁን ነው፤ 2.5 ሞል ኦክሲጅን ያስፈልጋል። አንድ ሞል ኦክሲጅን 32 ግራም ነው። 2.5 ሲባዛ በ32፣ 80 ግራም።

5 የትና 80 የት!

መልሱን ማጣራትም ይቻላል። 5 ሞል ሃይድሮጅን 5 ሞል ውሃ ይሰጣል። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ስለሆነ 90 ግራም ውሃ ይወጣል። የገባው ደግሞ 10 ሲደመር 80፣ እሱም 90። ገጠመ። ይህን የማጣሪያ ልማድ ያዳበረ ተማሪ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ ያተርፋል።

እንግዲህ 5 ግራም ብሎ የጻፈው ልጅ የተሳሳተው ሒሳብ ነው ኬሚስትሪ? መለየት ያስቸግራል። ቁጥር ሲያይ የምን ቁጥር እንደሆነ የመጠየቅ ልምድ አላዳበረም። እኔ የሒሳብ ዝግጅት የምለው በዋናነት ይህንን ነው።

አሃድ በየመስመሩ መጻፍ ግዴታ ነው? ጊዜ ይፈጃል።

ጻፉት። ከላይ ባለው ጥያቄ «10 ግራም» ብሎ ጽፎ «ሁለት ለአንድ ሞል» ከሚለው ጋር ያስተያየ ተማሪ ግራምና ሞል እንደማይጣጣሙ ወዲያው ያያል። አሃዱን የተወ ግን የሚያስቆመው ነገር የለም። አሃዶች እንደ ቁጥር ይባዛሉ፣ ይካፈላሉ፣ ላይና ታች ይጣፋሉ። መጨረሻ ላይ ግራም ተፈልጎ «ግራም ስኩዌር» ከወጣ የሆነ ቦታ ማካፈል ሲገባችሁ አባዝታችኋል። የት እንደሆነ ተመልሶ መፈለግ ነው።

ካልኩሌተር እያለ በእጅ መሥራት ለምን ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። ማንም ኬሚስት በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች ብዛት፣ 6.022 × 10²³ን፣ በእጁ ሲያባዛ አይውልም። ነገሩ የሚያያዘው ከአእምሯችን ጋር ነው። በአንድ ጊዜ አእምሯችን ውስጥ ይዘን የምንሠራበት ቦታ ትንሽ ነው። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ሰው የታሪኩ ፍሬ ነገር እንደሚያመልጠው ሁሉ፣ አርቢ ሲቀነስ ምን እንደሚሆን የሚያስብ ተማሪም ቦታውን ለአርቢው ይሰጥና ኬሚስትሪው ይጠፋበታል።

የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው አሌክስ ጆንስተን ይህንን በደንብ አብራርቶታል። ኬሚስትሪ የሚማር ሰው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሸከማል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ቀለሙ፣ አረፋው፣ ዝቃጩ። ሁለተኛው የማይታየው የአተምና የሞለኪውል ዓለም ነው። ሦስተኛው ምልክቱ፣ እኩልታውና ቁጥሩ ነው። ለጀማሪ ሦስቱን አንድ ላይ መያዝ በራሱ ከባድ ነው። ሒሳቡ እጅ ላይ ያልገባ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ካልኩሌተር የጠየቁትን እንጂ የፈለጉትን አለመመለሱ ነው። ለምሳሌ ኮንሰንትሬሽኑ 0.10 ሞላር (በሊትር 0.10 ሞል) የሆነ አሴቲክ አሲድ ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ተጠየቀ እንበል። የአሲዱ ቋሚ፣ ማለትም አሲዱ ምን ያህል ሃይድሮጅን አዮን እንደሚለቅ የሚያሳየው ቁጥር፣ 1.8 × 10⁻⁵ ነው። ሁለቱን አባዝቶ ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው፤ የሃይድሮጅን አዮኑ ኮንሰንትሬሽን 1.3 × 10⁻³ ሞላር ገደማ ይሆናል። ካልኩሌተሩን ሳይነኩ፣ 10⁻³ ላይ ስለሆነ ፒኤቹ 3 አካባቢ፣ ቁጥሩ ከ10⁻³ ትንሽ ስለሚበልጥም ከ3 ትንሽ ዝቅ ይላል ማለት ይቻላል። ትክክለኛው መልስ 2.9 ገደማ ነው።

ይህን ግምት የያዘ ተማሪ ካልኩሌተሩ 11 ቢለው አያምነውም። የአሲድ ፒኤች ከ7 በታች ነው፤ እንዴት 11 ይሆናል? አንድ ቦታ ምልክት ተሳስቷል ብሎ ይመለሳል። ግምት የሌለው ግን 11 ብሎ ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ካልኩሌተር ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት ደግሞ ቅንፍ መርሳት ነው። ከሥር ሁለት የሚባዙ ቁጥሮች ካሉ በቅንፍ ይታሰሩ። 12 ÷ 2 × 3 ብትጽፉ 18 ይላችኋል። የፈለጋችሁት 12ን ለ6 ማካፈል ከሆነ መልሱ 2 ነበር።

ሎጋሪዝም ፈጽሞ አይገባኝም። ሊታለፍ ይችላል?

አይታለፍም። ግን የምትፈልጉት ጥቂት ነው። የአንድ ቁጥር ሎጋሪዝም «10 በስንት አርቢ ሲነሳ ይህን ቁጥር ይሰጣል?» የሚል ጥያቄ መልስ ነው። የ1,000 ሎጋሪዝም 3 ነው። የ0.01 ደግሞ −2።

ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ፒኤችን ያመጣው የሃይድሮጅን አዮን ኮንሰንትሬሽን እጅግ ትንሽ ስለሆነና በዜሮ ብዛት ስለሚያታክት ነው። 0.0000001 እያሉ ከመጻፍ 7 ማለት ይቀላል። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። ፒኤች በ1 ሲቀንስ አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ፒኤች 3 ከፒኤች 5 በአሲዳማነት የሚበልጠው በሁለት አይደለም፤ በ100 እጥፍ ነው።

ፎርሙላዎቹን በሙሉ በቃሌ ይዣለሁ። አይበቃም?

አይበቃም። ለጋዞች የሚሠራውን ፎርሙላ እንውሰድ፤ ግፊት ሲባዛ በይዘት እኩል ይሆናል የሞል ብዛት ሲባዛ በቋሚው ሲባዛ በሙቀት። ሁሉም ተማሪ ይህን በቃሉ ይዞታል። አሁን ጥያቄው፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የጋዙ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ወደ 40 ቢያድግ ይዘቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?

«ሁለት እጥፍ» የሚል መልስ ይጎርፋል። ፎርሙላው ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ኬልቪን ነው። ሴልሲየሱ ላይ 273 ሲደመር ከ293 ወደ 313 ነው ያደገው። ይዘቱ የሚጨምረው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሴልሲየስ ላይ ዜሮ ማለት ምንም ሙቀት የለም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ 40 የ20 እጥፍ ሙቀት አይደለም። ሬሾ የሚሠራው ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ሲሆን ነው። ይህ የገባው ተማሪ «ወደ ኬልቪን ለውጥ» የሚለውን ሕግ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነኝ። ኬሚስትሪው ግን አልገባኝም። ለምን?

ይህ በጣም የተለመደ ነው። እንዲያውም ስለዚህ ቡድን ብዙ አይወራም፤ ሊወራ ይገባል።

አንዱ ምክንያት ሒሳብ ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ነገር ኬሚስትሪ ውስጥ ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። የቀጥታ መስመርን ስሎፕ ማውጣት ታውቃላችሁ። ኬሚስትሪ ላይ ግን የግራፉ አንዱ ዘንግ የሪአክሽኑ የፍጥነት ቋሚ ሎጋሪዝም፣ ሌላው ዘንግ ደግሞ አንድ ሲካፈል ለሙቀት ይሆናል። ነገሩ ያው ቀጥታ መስመር ነው። ስሎፑ ሪአክሽኑ ለመነሳት የሚፈልገውን ጉልበት ይነግረናል። ግን ተማሪው የሚያውቀውን ነገር አይለየውም። መፍትሔው፣ ግራፍ በመጣ ቁጥር በገዛ ቃላችሁ ሁለት ነገር መጻፍ ነው፤ ወደ ላይ የሚለካው ምንድን ነው? ወደ ጎንስ?

ሌላው ምክንያት ጠለቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኑረንበርንና ፒከሪንግ የተባሉ ሁለት አስተማሪዎች ለተማሪዎች ስለ ጋዝ ሁለት ዓይነት ጥያቄ አቀረቡ። አንደኛው ቁጥር ከቶ ማስላት ነው። ሌላው የጋዙ ቅንጣቶች በዕቃው ውስጥ እንዴት እንደሚሆኑ ከሥዕል መምረጥ ነው። ብዙዎቹ ስሌቱን ሠሩት። ሥዕሉ ላይ ግን ተሳሳቱ። ፎርሙላው እጃቸው ላይ ነበር፤ ጋዙ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ከሆነላችሁ ያተረፋችሁትን ጊዜ በእያንዳንዱ ጥያቄ ቅንጣቶቹን በወረቀት ላይ ለመሣል አውሉት። እውነት ለመናገር ከዚህ የሚሻል የጥናት ዘዴ አላውቅም።

ቤት የምሠራው ፈተና ላይ ይጠፋብኛል። ሒሳብ ስለማይገባኝ ነው?

ላይሆን ይችላል። የሒሳብ ፍርሃት ራሱ ያንን ትንሽ የአእምሮ ቦታ ይሻማል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሽክራፍትና ከርክ ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ፍርሃቱ አእምሮ ውስጥ ሲንጫጫ ለሥራው የሚተርፈው ቦታ ይጠብባል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ፣ ደብተር ዘግቶ መለማመድ ጠቃሚ ነው። ፈተናው ሲመጣ ሁኔታው እንግዳ አይሆንባችሁም። ጥያቄውን እንዳነበባችሁም የተሰጠውንና የተጠየቀውን ከነአሃዱ ወረቀት ላይ አውርዱት። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ከአእምሮ አይጠፋም።

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ብወስድ ከሒሳብ እገላገላለሁ?

ከስሌት በአብዛኛው አዎ። በምትኩ ሞለኪውሉን በሦስት አቅጣጫ ማየትና ኤሌክትሮኑ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ መከተል ይመጣል። ወደዚያ የሚያደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ አጠቃላይ ኬሚስትሪ ስለሆነ መዝለል አይቻልም።

ራሴን እንዴት ልፈትን?

ካልኩሌተሩን አስቀምጡና እነዚህን ሞክሩ። ሦስት አራተኛን ለአንድ ስምንተኛ ማካፈል። 6 × 10⁵ን ለ3 × 10⁻² ማካፈል። የጋዙን ፎርሙላ ገልብጦ ሙቀትን ብቻውን ማውጣት። የአንድ ሚሊ ሊትሩ ክብደት 0.80 ግራም የሆነ ፈሳሽ 40 ግራም ቢኖር ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ማስላት።

መልሶቹ በተራ 6፤ 2 × 10⁷፤ ግፊት ሲባዛ በይዘት ተካፍሎ ለሞል ብዛትና ለቋሚው ብዜት፤ እና 50 ሚሊ ሊትር ናቸው። ሁሉንም ሳትጨነቁ ከሠራችሁ ሒሳቡ አያሰጋችሁም። የመጨረሻው ላይ 32 ካላችሁ ማካፈል ሲገባ አባዝታችኋል፤ አሃዱን ጽፋችሁ እንደገና ሞክሩት። ሁለቱ ከተበላሹባችሁ ኮርሱ ሳይጀመር መለማመድ ይሻላል።

ኮርሱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ቀርቶኛል። ከምን ልጀምር?

ከሬሾና ከአሃድ መለወጥ። ቀጥሎ የ10 አርቢዎች። ከዚያ ፎርሙላ መገልበጥ። ሎጋሪዝም መጨረሻ ይምጣ፤ አሲድና ቤዝ የሚደረስበት በአብዛኛው ዘግይቶ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ጥናት ይሻላል። የምትለማመዱባቸው ቁጥሮች ደግሞ ከኬሚስትሪ መጽሐፍ የተወሰዱ ይሁኑ። ባዶ ቁጥር ላይ የተለማመዱት ነገር ግራምና ሞል ሲመጣ አንዳንዴ አብሮ አይመጣም።

የመጀመሪያው ፈተና ተበላሸብኝ። ኮርሱን ልተወው?

ከመወሰናችሁ በፊት የታረመውን ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ነጥብ የጠፋበትን እያንዳንዱን ቦታ ለዩ። ስሌት ነው? አሃድ ነው? ወይስ ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባችሁም ነበር? ስሌትና አሃድ ከሆነ ሊስተካከል ይችላል፤ እስከ ሚድ ድረስም ጊዜ አለ። ጥያቄው ራሱ ያልገባችሁ ከሆነ ግን ሒሳብ መለማመድ ብቻውን አይፈታውም። ወረቀቱን ይዛችሁ መምህሩ ጋ ሂዱ። «አልገባኝም» ከማለት «እዚህ መስመር ላይ ለምን በ2 እንደተካፈለ አልገባኝም» ማለት የተሻለ መልስ ያስገኛል።

መምህር ነኝ። ሒሳብ ማስተማር የእኔ ሥራ ነው?

በከፊል አዎ። ሒሳቡን ተምረው መጥተዋል ተብሎ የሚታለፈው ነገር ነው ብዙ ተማሪ የሚያስቀረው። በመጀመሪያው ሳምንት አጭር መለያ ፈተና መስጠት ጥሩ ነው፤ ውጤቱ ግን ማባረሪያ እንዳይሆን። ዝቅተኛ ያገኘውን ተማሪ «ይህ ትምህርት ላንተ አይደለም» ማለት ጉዳት ነው። የትኛው ክፍል እንደጎደለው ነግሮ፣ የሚለማመድበትን ሰጥቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሶ ማየት ይሻላል።

ሰሌዳ ላይ ስትሠሩም የአልጀብራውን መስመር አትዝለሉ። ለእናንተ አንድ እርምጃ የሆነው ለተማሪው ሦስት ነው። ፈተና ስታወጡ ደግሞ ጥቂት ጥያቄዎችን ያለ ካልኩሌተር በሚሠሩ ቀላል ቁጥሮች አዘጋጁ። ያኔ ተማሪው የሳተው ስሌቱን ይሁን ኬሚስትሪውን ከወረቀቱ ላይ ታገኙታላችሁ።